ሞተር ለምትነዱ፦ ወፍራም ጃኬት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በብርድ ሰሞን ሞተር የሚነዳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «አቦ፣ ወፍራም ጃኬት የት ይገኛል?» የእኔም መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። ወፍራሙን ተወውና ስስ ነፋስ መከላከያ ፈልግ፣ ከጃኬትህ ስር ልበሰው እላለሁ። ሰው አያምነኝም። «መምህር ደግሞ፣ ስስ ልብስ እንዴት ያሞቃል?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አያሞቅም። ሙቀቱ የራስህ ነው። የልብሱ ሥራ ያንን የራስህን ሙቀት ነፋስ እንዳይዘርፍህ መጠበቅ ነው። ነገሩን ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ሞተር ያለው ሰው ግን እስከ መጨረሻው ቢያነበው አይከስርም።

መጀመሪያ «ድሬ ተቀምጠህ ስለ ብርድ ታወራለህ?» ለምትሉኝ። ድሬዳዋ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቷን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥተህ ስትጨርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነህ። አየር በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አምስት ስድስት ዲግሪ ጥለህ ወጥተሃል ማለት ነው፣ ነፋሱን ገና ሳንቆጥር። እኛ ዋሂልና አካባቢው ያለን ሰዎች ደግሞ ከተማ ጉዳይ ሲኖረን ፀሐይ ሳትወጣ ነው የምንነሳው። ታህሳስ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ሌሊቱን በሞተር የሚወጣውን ሰው ጠይቁት፣ የድሬ ልጅ ብርድ አያውቅም የሚለው ወሬ ደንገጎ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ ነፋሱ እንምጣ። ቆመህ ሳለ ሰውነትህ በዙሪያው ያለችውን ቀጭን የአየር ሽፋን ያሞቃታል፣ እሷም መልሳ ትጠብቅሃለች። ሞተር ላይ ስትወጣ ያቺ ሽፋን ትገፈፋለች። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ ነፋስ ደረትህ ላይ ማለት ነው። ፍጥነትህን እጥፍ ስታደርገው የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ከ2001 ጀምሮ ካናዳና አሜሪካ የነፋስን ብርድ የሚያሰሉበት ቀመር አለ። በእሱ ብናሰላው 10 ዲግሪ በሆነ ጠዋት በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመታ ነፋስ ለተጋለጠ ቆዳ እንደ 5 ዲግሪ ነው የሚሰማው። አየሩ 5 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሹራብ በሹራብ ላይ ብትደርብ ነፋሱ በክሮቹ መካከል ያልፋል። ሹራብ የሚያሞቀው በውስጡ አየር ይዞ ስለሚያስቀምጥ ነው። ነፋስ ያንን አየር ካስወጣው ሹራቡ ወንፊት ሆነ።

«ትንሽ ቢበርድ ምን አለበት፣ ወንድ ልጅ አይደለህ?» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ጉዳዩ የመቻል አይደለም። ሰውነት ሲበርደው ደሙን ከእጅና ከእግር ሰብስቦ ወደ ልብና ወደ ሳንባ ያመጣዋል። ጣት ይደነዝዛል። ሞተር ላይ ፍሬን በጣት ነው፣ ፍሪሲዮንም በጣት ነው። አንድ የማውቀው የግብርና ባለሙያ አለ፣ በየቀበሌው በሞተር የሚዞር። አንድ የጥር ጠዋት ከፊቱ ፍየሎች መንገድ ሲያቋርጡ የፊት ፍሬኑን ያዝኩ ብሎ አስቦ ጣቱ ግን አልታጠፈለትም። በእግር ፍሬኑ ብቻ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። በእግዚአብሔር ቸርነት ጉልበቱ ተላጠ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም። ያን ቀን የለበሰው ሁለት ሹራብና የጂንስ ጃኬት ነበር። ልብስ አልጎደለውም፣ ነፋስ የሚያቆም ነገር ግን አንድም አልነበረበትም። ይህ ደንገጎ ላይ፣ ከፊት አይሱዙ ከኋላ የጫት መኪና እየበረረ ቢሆን ኖሮስ ብላችሁ አስቡት።

ለዚህ ነው ጣቱን ለማሞቅ ከደረቱ መጀመር ያለብን። ደረትና ሆድ ከሞቁ ሰውነት ደሙን ወደ ጣት ለመላክ አይሰስትም። ጓንት ያስፈልጋል፣ ደረት በርዶት ጓንት ያደረገ ሰው ግን ጣቱ እዚያው ጓንቱ ውስጥ ይደነዝዛል።

«ታዲያ ለምን ከላይ አልለብሰውም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ስስ ልብስ ከላይ ሲሆን በነፋስ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል፣ ያደክምሃል፣ ይቀደዳልም። ዋናው ግን መውደቅ ነው። ከላይ መሆን ያለበት አስፋልት የሚችለው ጠንካራው ልብስ ነው። ናይለንና ፖሊስተር በፍትጊያ ሙቀት ይቀልጣሉ። በዚሁ ምክንያት ስሱ ልብስ በቀጥታ ቆዳ ላይም መሆን የለበትም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ካናቴራ፣ ብርዱ ከበረታ ቀጭን ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ መከላከያው፣ በመጨረሻ ጃኬቱ። ጃኬትህ ጥሩ የቆዳ ጃኬት ከሆነ ቆዳው ራሱ ነፋስ ያቆማል። ያኔ ነፋሱ የሚገባው በዚፑ፣ በአንገቱና በወገቡ ነው፣ ስሱም ልብስ እነዚያን ቀዳዳዎች ይዘጋልሃል። የጂንስ ወይም ወንፊት መሰል ጃኬት ከሆነ ግን ያለ እሱ መውጣት ዋጋ የለውም።

አመራረጡ ብር ሳይሆን ዓይን ነው የሚፈልገው። ሰልባጅ ተራ ገብተህ ክምሩን ስታገላብጥ እነዚህን ተመልከት።

አንደኛ፣ ጨርቁን አፍህ ላይ አድርገህ ንፋ። ከወዲያ በኩል እጅህን አስቀምጥ። ትንፋሽህ እጅህ ላይ ከደረሰ መልሰው። ብዙዎቻችን «ፓራሹት» የምንለው ዓይነት ጥብቅ ሽመና ያለው ናይለን ብዙ ጊዜ ይህን ፈተና ያልፋል።

ሁለተኛ፣ ጨብጠው። ተጠቅልሎ ጡጫ ውስጥ ወይም ኪስ ውስጥ መግባት አለበት። የማይታጠፍ ልብስ ቤት ነው የሚቀረው፣ ቤት የቀረ ልብስ ደግሞ ደንገጎ ላይ አያድንህም።

ሦስተኛ፣ ልኩ። ሰውነት ላይ የተጠጋ፣ ግን ክንድ የማይዝ ይሁን። ጀርባው ረዘም ይበል፣ ሞተር ላይ ጎንበስ ስትል ወገብህ እንዳይከፈት። ኮፍያ ያለውን አትግዛ፣ ሄልሜት ስር ይጠቀለልና ያስቸግርሃል።

አራተኛ፣ ዚፑ። እስከ ታች የሚከፈት ይሁን፣ ከዚፑ ጀርባ የጨርቅ መደረቢያ ካለው ደግሞ እሰየው። ነፋስ በዚፕ ጥርስ መካከል እንደ መርፌ ነው የሚገባው።

አምስተኛ፣ ላብ ማስወጣቱ። ይህ ለእኛ አገር ከባዱ ነገር ነው። ከታች በሙቀት ተነስተህ ላይ በብርድ ትደርሳለህ። ታች ያላበህ ካናቴራ ላይ በረዶ ይሆንብሃል። እንደ ጎርቴክስ ያሉት ጨርቆች የተወደዱት ለዚህ ነው። ቀዳዳቸው ለውኃ ጠብታ እጅግ ጠባብ፣ ለላብ ትነት ግን በቂ ነው። እሱን ካላገኘህ ዘዴው ቀላል ነው። ድሬ ላይ አትልበሰው፣ ቦርሳህ ውስጥ ይዘኸው ውጣ። ብርዱ ሳይጀምርህ፣ ሳትደነዝዝ ቆመህ ልበስ። ስትወርድ ሙቀቱ ሲጀምር ቆመህ አውልቅ። ሁለት ደቂቃ ነው።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ እጅጌ የሌለው፣ ሰደርያ መሰሉ ነው። ደረትን ይጠብቃል፣ ብብት ስር ላብ ይለቃል፣ ከጃኬት እጅጌ ጋር አይጣላም። ሌሊት ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው ግን ባለ እጅጌው ይሻላል፣ በዚህ አልከራከርም።

ምንም ለሌለውስ? ጋዜጣ! አትሳቁ። በቱር ደ ፍራንስ የሚወዳደሩት ብስክሌተኞች ተራራ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጋዜጣ ተቀብለው ደረታቸው ውስጥ ከትተው ነው ቁልቁለቱን የሚወርዱት፣ የቆየ ልማድ ነው። ወረቀት እስካልረጠበ ድረስ ነፋስ ያቆማል። ፌስታል ወይም ላስቲክ ደረት ላይ የምታደርጉም አላችሁ። ለአጭር መንገድ ይሁን፣ ለረጅም ግን ላብህን አጠራቅሞ መልሶ ያቀዘቅዝሃል።

ጋቢ ግን ሞተር ላይ በፍጹም! ጋቢ ተቀምጦ ቡና ለሚጠጣ ሰው የሚስተካከለው የለም። ሞተር ላይ ግን ነፋስ ያሳልፋል፣ ከዚያ የባሰው ደግሞ ጫፉ ካቴናና ቸርኬ ውስጥ ሊገባ መቻሉ ነው። ከኋላ የምትቀመጡ እህቶቻችንም ነጠላውንና ሻሹን ጃኬት ውስጥ አስገቡት። ኢሳዶራ ደንከን የምትባለው ዝነኛ አሜሪካዊት ዳንሰኛ በ1927 ፈረንሳይ ኒስ ከተማ ውስጥ የሞተችው የአንገት ልብሷ የመኪና ጎማ ውስጥ ገብቶ ነው። እሷ መኪና ውስጥ ነበረች። ሞተር ከዚያ ይቀርባል።

የመጨረሻው ነገሬ ለመሥሪያ ቤቶች ነው፣ ዛሬ ይህን ያጻፈኝም እሱ ነው። በየገጠሩ ሞተር የሚነዱት አብዛኞቹ ለመዝናናት አይደለም። የጤና ባለሙያው ክትባት ይዞ ይሄዳል፣ የግብርና ባለሙያው ማሳ ለማሳ ይዞራል፣ የእኛ ሱፐርቫይዘሮች ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይመላለሳሉ። ሞተሩ ይሰጣቸዋል፣ ነዳጁ ይሰፈርላቸዋል። ልብስ ግን? አንድ ባለሙያ ነፋስ መከላከያ ቢጠይቅ «ልብስ የግል ነው» ተብሎ ሲመለስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፣ ምክንያቱም አንድ ብቻ አይመስለኝም። ለሞተሩ ዘይት በጀት ካለ፣ ሞተሩን ለሚነዳው ሰው ሄልሜት፣ ጓንትና ይህች ጡጫ የማትሞላ ልብስ እንዴት በጀት ታጣለች? ልብሷ ከአንድ ጎማ ዋጋ አትበልጥም። ሰውየው ቦይ ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ግን ተቆጥሮ አያልቅም፦ ሞተሩ ይሰበራል፣ ክትባቱ ይበላሻል፣ እናቶች ጤና ጣቢያው ደጃፍ ሲጠብቁ ይውላሉ፣ ቤት ደግሞ ልጆች አሉት። በጀት የምታዘጋጁ ወዳጆቼ፣ የሞተር ግዥ ሰነድ ላይ አንዲት መስመር ጨምሩ። «ሞተር ከነ ሙሉ መከላከያ ልብሱ» ብትል በቂ ነው።

እስከዚያው ግን በጀት አንጠብቅም። ለወንድማችሁ፣ ለልጃችሁ፣ በሞተር ለሚመላለስ ጓደኛችሁ አንድ ነገር ልትገዙለት ካሰባችሁ ይህችን ግዙለት። እናንተስ ምን ትለብሳላችሁ? የሐረር፣ የጭሮ፣ የደብረ ብርሃን ሞተረኞች በተለይ እናንተ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ እንማማር። ለሚነዳ ሰው ሼር አድርጉለት። መልካም መንገድ!