በቴሌቪዥን የተሠራ ወንበር

የዚህ ወር ወጋችን ስለ እንጨት ነው። ስለ እንጨት ብቻም አይደለም፤ ሌላው ሲሠራ እያየን እኛ ስለምንቃጠልበት ነገርም ነው።

ባለፈው ወር ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ አካባቢ የሚኖር አንድ ወንድማችንን ልንዘይር ሄደን ነበር። ሳሎኑ ጥግ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ትልቅ ነገር ቆሟል፤ በላዩም የታጠፈ ልብስ ተደርድሯል። «የልብስ ማጠቢያ ገዛችሁ እንዴ? መብሩክ!» ብንል ባለቤቱ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ለካ የጠረጴዛ መጋዝ ኖሯል።

ወንድማችን በሙያው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ጓሮው ውስጥ እንጨት መነካካት ይወዳል። ማታ ማታ ደግሞ በዲሽም በስልኩም የውጭ አገር አናጺዎችን ሲያይ ያመሻል። የሚያያቸው ሁሉ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከጠረጴዛ መጋዝ ስለሆነ፣ ያ ዕቃ ከሌለ ሥራ የለም ብሎ ደመደመ። ዕቁብ ሲደርሰውም ሰው የተገለገለበትን ገዛ። ቤት ሲያመጣው ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ሆኖ ተገኘ፤ የቤቱ መስመር እንደ አብዛኞቻችን ቤት ባለ አንድ ፌዝ ነው። መጋዙ አንድም ቀን ሳይዞር አራት ወር ሞላው።

«እኔ የጠየቅሁት የጫማ መደርደሪያ ነበር» አለች ባለቤቱ ሻይ እየቀዳች። «ጫማው አሁንም በር ላይ ነው።»

ልንፈርድበት አልደፈርንም፤ የእኛም ቤት ገመና አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አምጥቶልን ነበር። ሶኬታችን ውስጥ አልገባ ሲል ከሱቅ መቀየሪያ ገዝተን ሰካነው። እንደ ንብ ጮኸ፤ ቀጥሎ ጭሱ መጣ። ያ መቀየሪያ የሚቀይረው የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ኃይሉን አልነበረም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛው 220። ዘመድ ዕቃ ሊልክላችሁ ሲል አስቀድማችሁ ይህን ንገሩት። በባትሪ የሚሠራ ከሆነም የቻርጀሩን ጀርባ ያንብብ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለው እዚህም ያገለግላል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ያለ ትራንስፎርመር አትንኩት።

ወደ ፕሮግራሞቹ እንመለስ። ከሁሉም ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው «ዘ ኒው ያንኪ ወርክሾፕ» ነው። ኖርም አብራም የተባለ አናጺ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቁም ሣጥን ሠርቶ ያስረክባል። ሰውዬው እጁ የተባረከ ነው፤ ሐሰትም አልተናገረም። ነገር ግን ካሜራው ፊት ከመቅረቡ በፊት ያንኑ ዕቃ አንድ ጊዜ ሠርቶ ይጨርስ ነበር። እኛ የምናየው ሁለተኛውን ነው። የፕሮግራሙን ወጪ ከሚሸፍኑት መካከልም የመሣሪያ አምራቾች ነበሩበት። እንግዲህ ዕቃ ሻጭ በከፈለበት ድግስ ላይ ዕቃው ቢወደስ ምን ይገርማል? ዛሬ በስልክ የምናያቸው ብዙዎቹ አናጺዎችም የሚኖሩት በዚሁ ዓይነት ገቢ ነው። ዕንጨቱ በአንድ ቁራጭ ይገባል፣ ዜማ ይሰማል፣ ጠረጴዛ ሆኖ ይወጣል። የተሰነጠቀው፣ የተበላሸው፣ ሙጫው እስኪደርቅ ያደረው ሌሊት አይታይም።

በዚያው ጣቢያ ግን ሌላም ሰው ነበር። ሮይ አንደርሂል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በጀመረው «ዘ ውድራይትስ ሾፕ» በተባለ ፕሮግራሙ ያለ መብራት፣ በእጅ መጋዝና በመሮ ብቻ ይሠራ ነበር። ሲያለከልክና ሲሳሳት እንኳ ይታያል። ልጆቻችሁ የግድ ማየት ካለባቸው እሱን ፈልጉላቸው።

የዋጋው ነገር አይነሣ! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ መጋዝም አብሮ ወጣ። አንዳንድ ወጣቶች በወለድ ተበድረን እንግዛ ሲሉ ሰምተናል። ለመዝናኛ ብሎ ወለድ ውስጥ መግባት! አላህ ይጠብቀን።

ይህን ሁሉ ሰበታ ለሚኖር ወዳጃችን ብናጫውተው፣ «ዋናው ችግር መሣሪያው ሳይሆን እንጨቱ ነው» አለን። ልክ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው እንጨት በማድረቂያ ምድጃ የደረቀ፣ የተላገ፣ እንደ ሳሙና የለሰለሰ ነው። እኛ የምናገኘው ባሕር ዛፍ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ እንጦጦን ያለበሰው ያው ዛፍ። ለቤት ማገርና ለአጥር አይታማም፤ እርጥቡን ጣውላ ዛሬ ገዝተው ነገ ጠረጴዛ ቢሠሩበት ግን በወሩ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ያኔ ሰው ጥፋቱን በመሣሪያው ያላክካል። ዋንዛና ጽድ ቢገኙ ጥሩ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ብርቅ ሆነዋል።

የሰበታው ወዳጃችን መላ አለው። በአካባቢው ፋብሪካ ስለሚበዛ፣ ዕቃ ተጭኖበት የመጣ ፓሌት ለማገዶ ሲሸጥ ያገኛል። ከውጭ የመጣው ብዙውን ጊዜ ደረቅ የጥድ እንጨት ነው። ይሁንና ጎኑ ላይ ያለውን ማኅተም ሳያነብ አይገዛም። «ኤች ቲ» የሚለው ተባዩ በሙቀት የተገደለበት ስለሆነ ይወስደዋል፤ «ኤም ቢ» የሚለው በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነውና ይተወዋል። ማኅተም የሌለውንና ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትን ደግሞ ለልጆች ዕቃ አያውለውም። ምስማሩን ነቅሎ፣ አቃንቶ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ያስቀምጣል። ሚስማር ማቃናት የስድስት ዓመት ልጁ ሥራ ነው፤ በዚህም ይኮራል።

ባሕር ዛፍም ቢሆን ለታገሠው ይገዛል። ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በጥላ ሥር መደርደር፣ በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት አግድሞ ነፋስ እንዲገባ ማድረግ፣ እንዳይሰነጠቅ ጫፉን ቀለም መቀባት፣ ከዚያ መጠበቅ። ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት የሚለው የድሮ አናጺዎች ግምት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ! የትኛው ቴሌቪዥን ያሳየዋል?

ይህን የነገሩን ሱሉልታ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ አባት ናቸው። (ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም እኛ በየስማቸው መጥራቱን አልተውንም።) ዕቃቸው አንድ የእንጨት ሣጥን አይሞላም። መጋዝ፣ መላጊያ፣ ሁለት መሮ፣ መዶሻ፣ ስኳድራ፣ ሞረድ። አንዳንዱን የገዙት ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ነው።

«አባባ፣ ማሽን ቢኖርዎት አይወዱም ነበር?» አልናቸው።

«ለምን አልወድ! አላህ ቢሰጠኝ ወገቤም ያርፍ ነበር» አሉን። «ግን ልጆቼ፣ እናንተ መጋዛችሁን ሳትሞርዱ ማሽን ትመኛላችሁ። የደነዘ መጋዝ ይዞ ማሽን መመኘት፣ ውዱእ ሳያደርጉ ሰፍ መፈለግ ነው።»

ከዚያ ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጺ እንደነበሩ፣ የነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ.) መርከብ ከሳንቃና ከምስማር እንደተሠራ አወሱን። የመዲናውን ሚንበርም አነሡ። ከአንሷር ሴቶች የአንዲቱ አገልጋይ የነበረ አናጺ፣ ጋባ ከተባለው ስፍራ ከመጣ እንጨት ሠርቶት የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ቆመውበታል። እርከኑ ሦስት ብቻ ነበር።

እኛንም ረሕል፣ ማለት የቁርኣን ማስቀመጫ፣ አሠሩን። አሮጌው ዓይነት ከአንድ ጣውላ ተሰንጥቆ እንደ ተቆላለፉ ጣቶች የሚፈለቀቅ ነው፤ ለጀማሪ አይሆንም አሉ። ቀላሉ ይህ ነው። ሁለት እኩል ጣውላ፣ ርዝመቱ 45፣ ስፋቱ 20፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር። ከላይኛው ጫፍ 18 ሳንቲ ሜትር ወርዳችሁ ከአንዱ ጎን እስከ ስፋቱ እኩሌታ፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር፣ ክፍተት ቁረጡ። የክፍተቱ ወርድ ከውፍረቱ ጥቂት ይበልጣል፤ 2.4 ይበቃል። ጎንና ጎኑን በመጋዝ፣ ታችኛውን በመሮ ታወጡታላችሁ። ሁለተኛውን ከተቃራኒው ጎን ትቆርጡና አንዱን በአንዱ ውስጥ ትሰዳላችሁ፤ ተመሳቅሎ ይቆማል። ሙጫ የለው፣ ምስማር የለው።

የእኛው ክፍተት ስለሰፋ ይወላገዳል። ቢሆንም ልጆቻችን ከመግሪብ በኋላ የሚቀሩት በእሱ ላይ ነው፤ ማንም ከሱቅ የተገዛውን አያነሣም።

የቡራዩው ወንድማችን መጋዙን ከገዛበት አሳንሶ ሸጦታል። በቀረው ብር አንድ ጥሩ የእጅ መጋዝና ሞረድ ገዛ፤ ከሰበታ በመጣ ፓሌትም የጫማ መደርደሪያውን በሦስት እሑድ ጨረሰ። ባለቤቱ ግን የታጠፈውን ልብስ የምታስቀምጥበት አጣች። ሁለተኛ መደርደሪያ ታዟል።