ዳኛው ስልክ ሲያነሳ

ስለ ዘፈን ውድድር መጻፌ ቁም ነገር ያጣሁ ያስመስለኝ ይሆናል። ነገሩ ግን ከዘፈን ይልቅ ዳኝነትን ይመለከታል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በ«አሜሪካን አይዶል» ሁለተኛ ዙር የተወዳደረው ኮሪ ክላርክ፣ ቀደም ሲል መታሰሩን ለአዘጋጆቹ አላሳወቀም ተብሎ ተሰናበተ። በሜይ 2005 በኤቢሲ ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ በውድድሩ ወቅት ከዳኛዋ ከፓውላ አብዱል ጋር የፍቅር ግንኙነት እንደነበረውና እርሷም በዘፈን ምርጫው እንደረዳችው ተናገረ። አብዱል አስተባበለች። ፎክስ ጠበቆች ቀጥሮ አስመረመረና በኦገስት 2005 ክሱን የሚደግፍ ማስረጃ አልተገኘም አለ። እርሷም እስከ 2009 በዳኝነት ወንበሯ ቆየች።

አበው «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላሉ። ከሳሹ የተናገረው አዲስ አልበሙን ለገበያ ሊያቀርብ በተሰናዳበት ሰሞን ነው። ያልተረጋገጠን ክስ እንደ እውነት መያዝ ለተማረ ሰው አይገባም።

ሆኖም በዚያው መግለጫ ውስጥ የብዙዎችን ዓይን ያልሳበ ቁም ነገር ነበረ። አብዱል ክላርክ በውድድሩ ላይ ሳለ በስልክ እንዳነጋገረችው አምናለች፤ የሁለቱ ቃል የተለያየው በተነጋገሩት ጉዳይ ላይ ነው። ሕዝቡ «ተፋቅረዋል ወይስ አልተፋቀሩም?» እያለ ሲከራከር፣ በእኔ እምነት ዋናው ጥያቄ ተዘነጋ፤ ዳኛ ከሚዳኘው ሰው ጋር ለብቻው ምን ያነጋግረዋል?

በ1923 በእንግሊዝ አገር አንድ የሞተር ብስክሌት ነጂ የተፈረደበት ፍርድ ተሽሯል። ምክንያቱ የችሎቱ ጸሐፊ ተጎጂውን ወክሎ ለካሳ በሚሟገተው የጠበቆች ድርጅት ውስጥ ባልደረባ መሆኑ ነበር። ጸሐፊው ከዳኞቹ ጋር ወደ መማክርት ክፍል ቢገባም ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ፍርዱ ግን ተሻረ፤ ፍትሕ መሰጠቱ ብቻ አይበቃም፣ ሲሰጥም በግልጽ መታየት ይኖርበታልና።

«የሚወስነው የተመልካች ድምፅ ነው» የሚል ይኖራል። ተመልካቹ ግን የሚመርጠው ዳኞቹ አሳልፈው ከሰጡት መካከል ነው፤ አስተያየታቸውም ሚዛኑን ያዘነብላል። በ2003 ፍጻሜ ከተሰጠው 24 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አሸናፊው ሩበን ስተዳርድ የበለጠው በ134,000 ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱ እንዲህ ሲጠብ የአንዲት ቃል ክብደት አይናቅም።

አሜሪካ ይህን ትምህርት አስቀድማ በውድ ገዝታው ነበር። በ1959 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ቻርልስ ቫን ዶረን በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር መልሱ አስቀድሞ ይሰጠው እንደነበር ለምክር ቤቱ ኮሚቴ አመነ። በማግስቱ ዓመት የዕውቀት፣ የአእምሮ ችሎታና የዕድል ውድድሮችን በስውር ማጭበርበርን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ዘፈን ግን በስም አልተጠቀሰም። ፎክስም በዳኞችና በተወዳዳሪዎች መቀራረብ ላይ የነበረውን ደንብ እንደሚያጠብቅ ያስታወቀው ከሐሜቱ በኋላ ነው። ከመርማሪዎቹ ሐቀኝነት ጋር ጠብ የለኝም፤ ቅሬታዬ የቀጠራቸው ከውድድሩ ትርፍ የሚያገኘው ጣቢያ ራሱ መሆኑ ነው።

እኔም በየመንፈቀ ዓመቱ ነጥብ እሰጣለሁ። ተማሪዬ ባነሰ ነጥብ ቢያዝን ይጽናናል፤ ሚዛኑን ከተጠራጠረ ግን ያገኘው «ኤ» እንኳ ይረክስበታል። ሐሜትን በማስተባበያ ብቻ መግደል አይቻልም፤ መድኃኒቱ ዳኛው ቅርበቱን አስቀድሞ ገልጦ ከወንበሩ መነሣቱ ነው። በመዝናኛ መድረክ ይህን መጠየቅ ያልለመደ ሕዝብ በፍርድ ቤትና በምርጫ ቦርድ ፊት ለመጠየቅ ድፍረቱን ከየት ያመጣዋል?

ቸር ይግጠመን።