ራም የጎደለው ኮምፒውተር አልሞተም

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ይገባዋል፤ የጉባ ስም ከዚያ በላይም ይጠራ። አሁን ግን ካሜራ ስለማይዞርበት ነገር ይወራ፤ በየወረዳው መጋዘን አቧራ ለብሶ ስለተቆለለው ኮምፒውተር።

የሁሉም ታሪክ አንድ ነው። ከዛሬ አስር ዓመት በፊት በግዥ ወይም በእርዳታ መጣ። ጥቂት ዓመት ሠራ። ከዚያ መንቀርፈፍ ጀመረ። አንድ ቀን ሲበራ ጢጥ ጢጥ ብሎ ስክሪኑ ጨለመ። "ተበላሽቷል" ተባለ። ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ፣ ከኮሚቴው ወደ ቁርጥራጭ ብረት ገዢ። በኪሎ!

ከፍቶ ያየው ማን ነው?

ያ ጢጥታ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ "ራሜን አላገኘሁትም" የሚልበት ድምፅ ነው። ጉባ ቆላ ነው፤ በጋው አቧራ፣ ክረምቱ እርጥበት። የራሙ ወርቃማ ጥርስ ሲቆሽሽ ንክኪው ይጠፋል። መድኃኒቱ የተማሪ ላጲስ ነው። ገመዱን ነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ፣ ጥርሱን በላጲስ ፈግፍጎ፣ ፍርፋሪውን አራግፎ መመለስ ነው። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ የለም። ሳይሞከርለት በኪሎ የተሸጠው ግን ስንት ይሆን?

መንቀርፈፉም ቢሆን በአብዛኛው ረሃብ እንጂ በሽታ አይደለም። 2 ጊጋ ራም ይዞ የዛሬን ሶፍትዌር እንዲሸከም የታዘዘ ማሽን ምን ያድርግ? 4 ወይም 8 ጊጋ ይሰጠውና ይታይ። ገንዘብ የለም ከተባለ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ባለ 2 ጊጋ አስር ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት ፓወር ሰፕላያቸው ከተቃጠለው አምስቱ ራሙን አውጥቶ ለቀሪዎቹ አምስት ቢሰጥ፣ ያለ አንድ ብር ግዥ አምስት ባለ 4 ጊጋ ኮምፒውተር አገኘ ማለት ነው።

በእርግጥ ዕውቀት ይጠይቃል። ዲዲአር 2 ዲዲአር 3 ማስገቢያ ውስጥ አይገባም፤ ሁለቱም 240 ፒን ቢኖራቸውም መሐሉ ላይ ያለው ቅርፃቸው በተለያየ ቦታ ተሰንጥቋል። በጉልበት የሚጭን ማዘርቦርዱን ይሰብራል። የላፕቶፕ ራም አጭር ስለሆነ ለዴስክቶፕ አይሆንም። በ1.35 ቮልት ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ የ1.5 ቮልቱን ዲዲአር 3 አይቀበልም። ርካሽ ነው ተብሎ የሚሸጠው የሰርቨር ራምም በተራ ኮምፒውተር ላይ አይነሳም፤ በዚህ የተበላ ግዥ ክፍል ጥቂት አይደለም። ይህ ሁሉ ግን የአንድ ቀን ትምህርት ነው። አሶሳ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። የኮምፒውተር ተማሪዎቹ ለተግባር ልምምድ ማንኩሽ ወርደው አንድ መጋዘን ቢፈትሹ ለማን ይከፋል?

"ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ማሽን አይቀበልም" የሚል ይመጣል። እውነት ነው። የደህንነት ማሻሻያ የማያገኝ ማሽን የወረዳ ሒሳብ ተጭኖበት ኢንተርኔት ላይ መዋል የለበትም። ግን መልሱ መጣል ነው ያለው ማን ነው? ሊኑክስ ሚንት በነፃ ይጫናል፤ በ2 ጊጋ ይነሳል፣ በ4 ጊጋ ይመቻል። ተማሪ ማውስ መያዝና መተየብ የሚለምድበት ማሽን ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

መተየብ መልመድ ደግሞ ቅንጦት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በበይነ መረብም እየተሰጠ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ማውስ ሲይዝ አድጓል። የጉባ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ማውስ የሚነካው በፈተናው ቀን ከሆነ የሚፈተነው ፊዚክስ ነው ወይስ ማውስ? ይህ ልጅ መጋዘን ውስጥ የተቆለፈበት ኮምፒውተር "አሮጌ ነው" ሲባል ይስቃል፤ ለእሱ አዲስ ነው።

"አዲስ እንገዛለን" የሚሉትም ገበያውን ይዩ። በዓለም ያሉት ትልልቅ የራም አምራቾች ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት አዙረዋል። ማይክሮን ኅዳር 2018 ላይ ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች ይሸጥ የነበረውን ራም እንደሚያቆም አስታውቋል። የራም ዋጋ ሲወጣ የአዲስ ኮምፒውተር ዋጋም አብሮ ይወጣል። ባለ ግምጃ ቤቱ በኪሎ የሚሸጠው ዲዲአር 3 ነገ በፍለጋ የሚገኝ ዕቃ ነው።

ሁሉም ይዳን አይባልም። ካፓሲተሩ ያበጠና ማዘርቦርዱ የተቃጠለ ይወገድ፤ ግን ሜዳ ላይ ተቃጥሎ ሳይሆን በሥርዓቱ፤ ለኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደንብ አለው። ከዚያ በፊት ግን የማስወገጃ ቅጹ ላይ ሦስት ዓምድ ይጨመር፦ የራሙ ዓይነት፣ ስንት ጊጋ፣ ከፍቶ የፈተሸው ባለሙያ ፊርማ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ኮሚቴው አይፈርም።