በሁለት መንግሥታት ወሰን ላይ ስላለው ጸጥተኛ መስክ

ባለፈው የነሐሴ ወር በሥራ ምክንያት በአውሮጳ ሳለን አንድ የዕረፍት ቀን ስላገኘን፣ በቤልጅግና በሆላንድ ወሰን ላይ የሚገኘውን የካልምትሃውትን መስክ ለመጐብኘት ሄድን። ከአንትወርፕ ከተማ ወደ ሰሜን በሚሄደው ባቡር ተሳፍረን ሄይደ በምትባል ትንሽ ጣቢያ ወረድንና የቀረውን መንገድ በእግራችን ጨረስን።

ሄይደ ማለት በአገሩ ቋንቋ ፍሬ በማይሰጥ አሸዋማ መሬት ላይ የሚበቅል አጭር ቍጥቋጦ የሸፈነው መስክ ነው። ቍጥቋጦው በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ከምናውቀው ከአስታ ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ ነገር ግን የእኛው አስታ እንደ ዛፍ ሲያድግ የእነርሱ ከሰው ጕልበት አያልፍም። የሄድንበት ወራት አበባው የሚፈነዳበት ስለ ሆነ፣ ምድሩ ሁሉ ሐምራዊ ግምጃ የተነጠፈበት ይመስል ነበር። በየስፍራው ነጭ የአሸዋ ጕብታና ውሃው የጠቈረ ኩሬ ይታያል። ከነፋስና ከንብ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም።

እንዲህ ያለውን ስፍራ ያየ ሰው፣ ከፍጥረት ጀምሮ እጅ ያልነካው ምድረ በዳ ነው ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጥንት ደኑን መንጥረው በጎች ያሰማሩበት ገበሬዎች ናቸው። የመስኩንም ገጽ ከነሥሩና ከነአፈሩ እየገፈፉ በጉረኖ ውስጥ ያነጥፉት ነበር፤ ከበጎቹ ፍግ ጋር በተደባለቀ ጊዜም እርሻቸውን ያዳብሩበታል። እንዲህ አፈሩ ዘወትር ስለ ደኸየ፣ በድኻ አፈር የሚኖረው ይህ ቍጥቋጦ ብቻ ሠለጠነበት። ኋላ የፋብሪካ ማዳበሪያ በመጣ ጊዜ አሮጌው ልማድ ቀረ፤ ብዙው የሄይደ ምድርም ታረሰ ወይም ጥድ ተተከለበት።

አሁን ወደ ወሰኑ ነገር እንመለስ። ዘመኖቹን የምንጽፈው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው። ቤልጅግ ከሆላንድ ከተለየች በኋላ፣ በ1843 በተደረገው ውል ወሰኑ ተለክቶ ቍጥር የተጻፈባቸው የብረት ምሰሶዎች ተተከሉ። በ1915፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ ቤልጅግን የያዘው የጀርመን ጦር ሕዝቡ ገለልተኛ ወደ ነበረችው ወደ ሆላንድ እንዳይሸሽ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል 2,000 ቮልት የሚያህል ኤሌትሪክ የተሞላ ሽቦ ዘረጋ። የኤሌትሪክን ኀይል ገና የማያውቁ የባላገር ሰዎች ሽቦውን እየነኩ አለቁ፤ የሞቱትም በመቶ የሚቈጠሩ ናቸው።

ሞት በተዘረጋበት በዚያው ወሰን ላይ፣ በ2001 ሁለቱ አገሮች መስኩን አንድ የጋራ ፓርክ አደረጉት። ስፋቱ ዛሬ ወደ 6,000 ሄክታር ይደርሳል። ሰው በእግሩ ሲመላለስ ዘበኛ አያቆመውም።

ይህን ያደረጉት ለፍቅር ብቻ ሳይሆን፣ ግድም ስለ ሆነባቸው ነው። ከከብት እርባታ፣ ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጣው ናይትሮጅን በአየር መጥቶ አፈሩን ያወፍረዋል፤ አፈሩም ሲወፍር ረጅም ሣር በቅሎ ቍጥቋጦውን ያንቀዋል። በሜይ ወር 2011 ታላቅ ቃጠሎ ተነሥቶ ብዙ መቶ ሄክታር በላ፤ የሁለቱም አገሮች እሳት አጥፊዎች በአንድነት ተዋጉት። እሳትና ነፋስ የወሰን ምሰሶ አያነብቡም። ስለዚህ ዛሬም በጎች ያሰማራሉ፣ የመስኩን ገጽ ይገፍፋሉ፤ አንደኛው ወገን ቢተወው የሌላው ድካም ከንቱ ይሆናል።

በመመለሻችን ላይ አንድ ሕፃን አንድ እግሩን በቤልጅግ፣ አንዱን በሆላንድ አድርጎ ሲቆም አየን። አያቱ ከዚህ ወገን ቆመው ዳቦ ሰጡት፤ እርሱም ከወዲያ ወገን ሆኖ በላው። እኛም ሳቅን፤ ነገር ግን ሳቃችን ብዙ አልቈየም።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን የወሰን ክርክር ስንጽፍ ዓመታት አሳልፈናል። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ክንድ መሬት ሲካሰሱ፣ መሬቱ ሳይታረስ እሾህ ሲበቅልበት አይተናል። ይህን ስንል በሌላ ሰው ብቻ የምንፈርድ አይደለንም፤ እኛም ከታናሽ ወንድማችን ጋር፣ አባታችን በተዉልን የግጦሽ ቦታ ምክንያት ሰላምታ ካቆምን 6 ዓመት ሆኖናል። የወሰኑ ድንጋይ ዛሬም በስፍራው አለ፤ ምንጩ ግን የሚጠርገው አጥቶ ደፈረሰ።

አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ወሰን ይጥፋ አንልም፤ በካልምትሃውትም ምሰሶው አልተነቀለም። ነገር ግን ወሰን የእኔና የአንተ የሚባለውን ይለያል እንጂ፣ ውሃውንና ሣሩን ለሁለት ሊቈርጠው አይችልም። እኛም ወደ ቤታችን በገባን ማግሥት ለወንድማችን ደብዳቤ ጻፍን። ስለ ወሰኑ አንዳች አላነሣንም፤ ምንጩን አብረን እንጥረግ ብለን ብቻ ጠየቅነው።