«በሕግ አምላክ» ለተጠረጠረም ሰው ነው



ሽብር ቀላል ነገር አይደለም። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. በካምፓላ የዓለም ዋንጫን ፍጻሜ ለማየት በተሰበሰበ ሕዝብ መካከል ቦምብ ፈንድቶ ከ70 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል፤ ከተመቱት ሥፍራዎችም አንዱ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነበር። እንዲህ ያለውን ግፍ ለማስቆም ብርቱ ሕግ አያስፈልግም የሚል የለም። ክርክራችን ሌላ ነው፤ ያልተፈረደበትን ሰው ያለ ክስ ስንት ቀን አሥሮ ማቆየት ይገባል?

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ አዟል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ግን ቀጠሮው ከ28 ቀን እንዳያንስ፥ በጠቅላላውም እስከ 4 ወር ሊደርስ እንዲችል አደረገ። ልብ በሉ! የፊተኛው ፖሊስን «ከዚህ አትለፍ» ይላል፤ የኋለኛው ዳኛውን «ከዚህ አታሳንስ» ይላል። ልጓሙ ከመርማሪው አፍ ወጥቶ በዳኛው አፍ ገባ ማለት ነው።

ፍሬውንም አይተናል። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ፤ የተከሰሱትም ሦስት ወር ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ነው። ከፊሎቹ በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ክሱ ተነሥቶላቸው ወጡ፤ በእሥር የቀሩትንም ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክስ ነጻ አላቸው። ያን አንድ ዓመት ተኩል ማን ይመልስላቸዋል?

«ሽብርተኛ ለሕግ አይገዛም፤ እኛስ ስለምን በሕግ እንያዘው?» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሽብርተኛነቱ የሚታወቀው በፍርድ ነው፤ ከፍርድ በፊት ያለው ሰው ተጠርጣሪ ብቻ ነው። ደግሞም ሰውን አስጨንቆ የሚያናግር መርማሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እውነቱን ሳይሆን ሊሰማ የፈለገውን ነው። ንጹሑ በግድ «አዎን» ባለ ጊዜ እውነተኛው ቦምብ ጣይ በገበያ መካከል ይመላለሳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ አይነካ ማለቱ በከንቱ አይደለም።

አዋጅ 652 በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተሽሯል። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም አዋጅ ሲለወጥ ልማድ አብሮ አይለወጥም። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ቀጠሮው አጭር ይሁን፤ ዳኛው አዲስ ቀን ከመስጠቱ በፊት «ባለፈው ቀን ምን ሠራህ?» ብሎ መርማሪውን ይጠይቅ፤ እሥረኛውም ከመጀመሪያው ቀን ጠበቃውንና ቤተ ሰቡን ያግኝ። የሕግ ተማሪዎችም በግልጽ ችሎት እየተቀመጥን ቀኑን እንቁጠር።

ባገራችን «በሕግ አምላክ» ሲባል የሚሮጠውም የሚያሳድደውም ይቆም ነበር። አሳዳጁ ካልቆመ ሕግ አለ አይባልም።

አንድ የሕግ ተማሪ