አዲሷን አስተባባሪ እንዴት እንቀበላት?

አንድ ማኅበር አዲስ አስተባባሪ ሲመደብለት አቀባበሉ ምን እንደሚመስል ሳታዩ አልቀራችሁም። ቄጤማ ይጐዘጐዛል፤ ቡና ይፈላል፤ ንግግር ይደረጋል። በማግሥቱ አስተባባሪዋ ቢሮዋ ገብታ መዝገብ ትከፍታለች። ሥርዓቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ እኔም በበኩሌ፣ ንግግሩ ቢቀር እንኳ ቡናው እንዲቀር አልፈልግም። ለሸክላ ሠሪዎች ማኅበር ግን ይህ ብቻ አይበቃም ባይ ነኝ።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኘው ቀጨኔ በሸክላ ሥራና በሽመና የታወቀ ሠፈር ነው። ሸክላውን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በዚያ ለሚገኝ አንድ ማኅበር ትምህርቷን በቅርብ ያጠናቀቀች ወጣት አስተባባሪ ሆና መጣች እንበል። ሒሳብ ታውቃለች፤ ደብዳቤ አሳምራ ትጽፋለች፤ ገበያም ታፈላልጋለች። በሐምሌ ወር አንድ ነጋዴ መጥቶ፣ «200 ጀበና በሁለት ሳምንት አስረክቡኝ» ቢላት ደስ ብሏት ትፈርማለች። ከዚያስ ምን ይከተላል?

የሸክላ አፈር ተቆፍሮ ይመጣል፤ ደርቆ ይወቀጣል፤ ተነፍቶም ይቦካል። በብዙ አካባቢ የተፈጨ ገል ይጨመርበታል፤ ይኸውም ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅና የእሳቱን ሙቀት እንዲችል ነው። ከዚያም ዕቃው በእጅ ይበጃል፤ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተዋል። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ይህ መድረቅ ብዙ ቀን ይፈጃል። ዕቃው እርጥበት እንደ ቋጠረ እሳት ውስጥ ከገባ፣ ውሃው ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎቱም መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። የፈነዳ ጀበና ደግሞ ገዢ የለውም። እንግዲህ ወጣቷ በችኰላ የፈረመችው ውል ዕዳው የሚወድቀው በእርሷ ደመወዝ ላይ ሳይሆን በሠሪዎቹ ድካምና በልጆቻቸው ጉሮሮ ላይ ነው።

ስለዚህ አስተባባሪዋ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከባለሙያዎቹ ጋር ተቀምጣ ጭቃ ብታቦካ፣ ቢያንስ አንድ ምጣድ ወይም አንድ ጀበና ከአፈሩ እስከ እሳቱ ብትከታተል ይገባል።

«የተቀጠረችው ለወረቀት ሥራ ነው፤ ጭቃ ምን ያደርግላታል?» የሚሉ ይኖራሉ። በዚህ አነጋገር ውስጥ የቆየ በሽታ ተሸሽጓል። ሸክላ ሠሪን በቡዳነት መጠርጠር፣ ከእርሷም ጋር በጋብቻ አለመተሳሰር፣ ምጣዷን እየገዙ እርሷን መናቅ በአገራችን የነበረና ፈጽሞም ያልጠፋ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፣ ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያስረዳል። አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ጭቃ የነካውን እጅ ለመጨበጥ የሚያመነታን ሰው ግን ምንም አያደርገውም። ሴቶቹ ደግሞ ይህን ማመንታት ከሩቅ ያውቁታል። እናንተም ነገ ተመርቃችሁ ወደ እንዲህ ያለ ማኅበር ልትላኩ ትችላላችሁና፣ ከምስክር ወረቀታችሁ በፊት የሚመረመረው ይኸው ሁኔታችሁ መሆኑን አትዘንጉ።

አባላቱም ግዴታ አለባቸው። ገመናን ለእንግዳ መግለጥ በባህላችን እንደ ነውር ይቈጠራል፤ አስተባባሪ ግን እንግዳ አይደለችም። የተበላሸው ምን ያህል እንደሆነ፣ ገንዘብ ያልመለሰው ማን እንደሆነ፣ የቀድሞው ደንበኛ ለምን እንደ ቀረ ሳይደብቁ ሊነግሯት ይገባል። በአቀባበሉም ዕለት ከባለሥልጣኑ ቀድመው በሙያው ብዙ ዘመን የኖሩት እናት ይናገሩ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገራት የክረምቱ ነገር ይሁን፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ምን ያህል ትእዛዝ መቀበል እንደሚቻል እነርሱ ይንገሯት፤ እርሷም በመዝገቡ ትጻፈው። የሐምሌው ነጋዴ ሲመጣ ገልጣ ታሳየዋለች።