ቤተልሔም ከማን ጠፍታ ነበር?

የጋይንቷ ቤተልሔም በ1955 እ.ኤ.አ. «ተገኘች» ይባላል። አገኛት የሚባለው ቶማስ ፓከናም የተሰኘ ወጣት አውሮፓዊ ተጓዥ ሲሆን ጉዞውን ከአራት ዓመት በኋላ «የራሴላስ ተራሮች» በተባለው መጽሐፉ ተርኮታል። ለውጭ ተመልካች ከማናቸውም የገጠር ደብር በማይለየው ክብ ሕንፃ ውስጥ፣ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ አራት ማዕዘን የጥንት ቤተ ክርስቲያን አየ። ማየቱ እውነት ነው፤ መጻፉም ያስመሰግነዋል። ግን ለመሆኑ ከማን ጠፍታ ነው የተገኘችው?

ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ድጓ ለማስመስከር ከትግራይና ከሸዋ፣ ከጎጃምና ከወሎ በእግሩ ለመጣው ተማሪ ቤተልሔም አንድም ቀን ጠፍታ አታውቅም። ከቆማ፣ ከአጫብርና ከተጉለት ጋር ስሟን ለዜማ ስልት ያወረሰች መንደር ናት። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም የዚያው የጋይንት ምድር ነው።

የባዕዱስ ይሁን፤ እንግዳ ያየውን ይናገራል። የሚያሳዝነው ይህንኑ «ግኝት» ተቀብሎ የሚያስተጋባው የገዛ አገር ምሁርና የባህል ሠራተኛ ነው። እርሱ ቅርስ የሚለው ግድግዳውን ነው። የተጠረበውን እንጨት ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በስተጀርባው ያለውን የተማሪ ጎጆ ግን ዞር ብሎ አያየውም። ግድግዳው ቢፈርስ ፎቶግራፉና ልኬታው ይቀራል፤ ዜማውስ? በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት የሚነገርለት የድጓ ምልክት፣ ዜማውን ለሚያውቅ ማስታወሻ ነው እንጂ ለማያውቅ አይዘምርም። ዜማው ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ያልፋል። ወንበሩ ባዶ የቀረ እንደ ሆነ ብራናው ዲዳ ነው።

ይህን ወንበር እስከ ዛሬ ያቆየው ማነው? የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ለአራሹ ተገቢ ፍትሕ ነበር፤ ሆኖም የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ሲወሰድ የትምህርት ቤቱ ቀለብ ከየት እንደሚመጣ በቅጡ ያሰበበት አልነበረም። ሸክሙ በገበሬው መሶብ ላይ ወደቀ። የትኛው ገበሬ? አፈሩ ተሸርሽሮ ያለቀበት፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል የሆኑት የላይና የታች ጋይንት፣ የስማዳም ገበሬ! ከአጥሩ ሥር «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ ለልጆቹ ከማይበቃው እንጀራ ቆርሶ የሚሰጠው እርሱ ነው። የኢትዮጵያን ዜማ የሚቀልበው፣ ራሱ ቀለብ ያጠረው ሰው መሆኑ የትኛው የጉብኝት መጽሔት ላይ ተጽፏል?

የቅርስ መዝገብ የያዘ ጽሕፈት ቤት ሁሉ እንግዲህ ይጠየቅ። ለጣሪያና ለግድግዳ ጥገና ገንዘብ ሲለመን፣ ለመምህሩ ደመወዝና ለተማሪው ቀለብ የሚሆነው በየትኛው ዐምድ ተጽፏል? ስለ ቤተልሔም በሚሞላው ቅጽ ላይ መጀመሪያ የመምህሩ ወንበር፣ ቀጥሎም የተማሪው ጎጆ ይመዝገብ። ሕንፃው ሦስተኛ ይሁን።